የደረቀ ፍሬና የጤና ማዕድ

በምዕራብ ጎጃም፣ በተለይም በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ፣ በየደጁ ቀልቶ የተሰጣውን በርበሬ የተመለከተ መንገደኛ፣ ይህ ሕዝብ በፀሐይ ኀይል ምግብን ከብልሽት የመጠበቅን ጥበብ ከአባቶቹ እንደ ወረሰ ይረዳል፤ ሥጋውን ቋንጣ፣ እንጀራውን ድርቆሽ እያደረገ ለችግር ቀንና ለረጅም መንገድ ሲያኖር ቆይቷልና። ፍራፍሬን የማድረቅ ልማድ ግን ገና አልተስፋፋም፤ ስለዚህም ማንጎው በአንድ ወቅት በስሎ ገበያውን በሞላ ጊዜ ዋጋው ይወድቃል፣ ያልተሸጠውም በስብሶ ይጣላል። ይህን ሀብት አድርቆ ማቆየት ለኪስ እንደሚበጅ ግልጽ ነው፤ ለጤና ይበጃልን? የሚለው ጥያቄ ግን በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባል።

ፍሬ በደረቀ ጊዜ ከእርሱ የሚለየው በብዛት ውኃው ነው። ከትኩስ ወይን ከመቶው 80 እጅ ያህሉ ውኃ ሲሆን በዘቢብ ውስጥ የሚቀረው 15 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ 100 ግራም ትኩስ ወይን 70 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሲሰጥ፣ ያው ክብደት ያለው ዘቢብ 300 ያህል ይሰጣል። ሆድን የሚያለሰልሰው አሰር፣ ፖታሲየሙና ብረቱ ከፍሬው ጋር ይቀራሉ፤ ነገር ግን ስኳሩም እንዲሁ ተከማችቶ ይቀራል፣ ሙቀትንና አየርን የማይታገሠው ቪታሚን ሲ ደግሞ አብዛኛው ይጠፋል።

ይህ ምግብ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቅዱስ ቍርባን የሚሆነው ወይን ከዘቢብ ይዘጋጃል፤ በረመዳንም ሙስሊሙ ወገናችን በተምር ያፈጥራል። 55 ቀን በሚቆየው በዐቢይ ጾም፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ በሚጾመው በጾመ ነቢያት፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው በፍልሰታ፣ ወተትና ቅቤ ከማዕድ በሚርቁበት ወራት ሁሉ፣ አንዲት ጭብጥ የደረቀ ፍሬ ከቆሎ ጋር ብትበላ ለደከመ ሰውነት ፈጥና ብርታት ትሰጣለች። ሆኖም የሽሮንና የምስርን ቦታ ልትወስድ አይቻላትም፤ ገንቢው ምግብ በብዛት ያለው በእነርሱ ዘንድ ነውና። በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ብረትም ሰውነት በሚገባ እንዲቀበለው የሚረዳው ቪታሚን ሲ ስለ ሆነ፣ የደረቀውን የሚበላ ሰው ሎሚውንና ትኩሱን ፍሬ ሊተው አይገባውም።

ጉዳቱ የሚመጣው መጠን ሲታለፍ ነው። በአንድ ጊዜ ሦስት ማንጎ መብላት የሚከብደው ሰው፣ የሦስት ማንጎ ደረቅ ቍራጭ ሳይታወቀው ይጨርሳል። ስለዚህ 30 ግራም ያህል በአንድ ጊዜ ይበቃል፤ የስኳር ሕመም ያለበትም ከሐኪሙ ጋር ሳይመክር ባይጀምር ይሻለዋል። ፍሬው ጥርስ ላይ ስለሚጣበቅ ከበሉ በኋላ አፍን በውኃ መጕመጥመጥ ይገባል። ስኳር ተጨምሮበት የሚሸጠው ደግሞ ከከረሜላ ብዙም አይለይም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳርና ይህን የመሰለው ሁሉ ከዕለት ኀይል ከመቶው 10 እጅ እንዳያልፍ የሚመክረው በከንቱ አይደለም። ቀለሙ እንዳይጠቍር በሰልፈር ዳይኦክሳይድ የታጠነውም አስም ያለባቸውን ሰዎች ሊያውክ ይችላል።

በቤቷ ማንጎ ለማድረቅ የምትሻ ባለሙያ፣ የክረምቱ ደመና ሳይከብድ፣ ፍሬውን አጥባና ልጣ በስሱ ትክተፈው፤ ከመሬት ከፍ ባለ ንጹሕ ወንፊት መሳይ ነገር ላይ ዘርግታ፣ ዝንብና አቧራ እንዳይደርስበት በስስ ጨርቅ ትሸፍነው። ሰውነት ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠው የማንጎው ቢጫ ቀለም በቀጥተኛ ፀሐይ ስለሚጎዳ፣ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ይመረጣል። ሲጨብጡት ጭማቂ የማይወጣው ከሆነ ደርሷልና እርጥበት በማይገባበት ዕቃ ይቀመጥ፤ ሻጋታ የታየበት ግን መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ያለ ርኅራኄ ይጣል።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው፦ ትኩስ ፍሬ በተገኘ ጊዜ ትኩሱ ይቅደም፤ ባልተገኘ ጊዜ ስኳር ያልተጨመረበት ደረቅ ፍሬ በጭብጥ ተመጥኖ ይበላ። በቡሬ የተቋቋመው የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የግብርና ባለሙያዎችና የየቤቱ እመቤቶችም ለበርበሬው የሚያሳዩትን ትጋት ለማንጎው ያሳዩ ዘንድ ይገባል፤ በአንድ ወር የሚበሰብሰው በረከት የዓመቱን ጾመኛና የትምህርት ቤቱን ሕፃን ሊመግብ ይችላልና።