ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች በኤሌክትሮኒክ ማዘዣ ሲታዘዙ ምን መሟላት አለበት?

የሚጥል በሽታን ለመከላከል የሚሰጠው ፌኖባርቢታል በገጠር የሚኖሩ በርካታ ሕሙማን በየዕለቱ የሚወስዱት መድኃኒት ነው። ይሁን እንጂ ሱስ የማስያዝ ባሕርይ ስላለው ልዩ ቁጥጥር ይደረግበታል። የጤና ተቋማት ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እየተሸጋገሩ ባሉበት በዚህ ወቅት የማዘዣው ሥርዓት ጉዳይ ከሃላሌና ከአካባቢዋ ለሕክምና ወደ ሶዶ የሚመላለሰውን አርሶ አደርም ይመለከታል።

የትኞቹ መድኃኒቶች ናቸው?

መድኃኒቶቹ በሁለት ይመደባሉ። እንደ ሞርፊንና ፔቲዲን ያሉት ናርኮቲክ መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. በ1961፣ እንደ ፌኖባርቢታልና ዲያዜፓም ያሉት ሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶች ደግሞ በ1971 በተደረጉ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ይገዛሉ። ኢትዮጵያ የሁለቱም ስምምነቶች አባል ናት። በአገር ውስጥ ቁጥጥሩን የሚያከናውነው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

የወረቀቱ አሠራር

እነዚህ መድኃኒቶች የሚታዘዙት በልዩ የማዘዣ ወረቀት ነው። ሐኪሙ ይፈርምበታል፤ የፋርማሲ ባለሙያውም አረጋግጦ ይመዘግባል። ሆኖም የማይነበብ ጽሕፈት፣ የተጭበረበረ ፊርማና የተለወጠ መጠን የወረቀቱ ደካማ ጎኖች ናቸው።

ኤሌክትሮኒክ ማዘዣ ምን ይለውጣል?

ትእዛዙ ከሐኪሙ ኮምፒውተር በቀጥታ ወደ ፋርማሲው ስለሚደርስ መሐል ላይ መሰረዝና መደለዝ አይኖርም። ዋናው ጥያቄ ግን «ትእዛዙን የላከው በእርግጥ ሐኪሙ ነውን?» የሚለው ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ደንብ ሐኪሙ ከሦስት ነገሮች ሁለቱን እንዲያቀርብ ታስገድዳለች፤ እነርሱም የሚያውቀው የይለፍ ቃል፣ በእጁ የያዘው መለያ መሣሪያ ወይም እንደ ጣት አሻራ ያለ የአካሉ ምልክት ናቸው። የኒውዮርክ ግዛት በ2016 ኤሌክትሮኒክ ማዘዣን ግዴታ ስታደርግም መብራት ወይም ቴክኖሎጂው ሲቋረጥ በወረቀት ማዘዝን ፈቅዳለች።

በአገራችንስ?

የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለዚህ መሠረት የሚሆኑ ሕጎች ናቸው። በተለይ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በማኅበረሰቡ ዘንድ መገለል ሊደርስበት ስለሚችል ምስጢሩ መጠበቅ አለበት።

ነገር ግን ሕግ ብቻውን አይበቃም። ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ሕመምተኛ «ሲስተም የለም» ተብሎ ባዶ እጁን ቢመለስ አደጋው ከባድ ነው። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ተደጋጋሚና የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል፤ ምድጃ አጠገብ ወይም ወንዝ ዳር የወደቀ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ አዲሱ ሥርዓት መድኃኒቱ ወደ ሕገወጥ ገበያ እንዳይሾልክ የሚጠብቀውን ያህል ሕመምተኛው እጅ ሳይዘገይ እንዲደርስም ማድረግ አለበት። ሲስተም ሲቋረጥ ልዩ ወረቀቱ እንዲያገለግል፣ መዝገቡም ኋላ ወደ ኮምፒውተር እንዲገባ መፍቀድ አንዱ መፍትሔ ነው።

ሕሙማን ምን ያድርጉ?

መድኃኒቱ ከማለቁ ቀናት አስቀድመው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ያለ ሐኪም ምክር አያቋርጡ፤ ለሌላ ሰውም አያካፍሉ።