መድኃኒት ለምን በቡናማ ጠርሙስ ይቀመጣል?

ክሎሮፎርም በ1847 እ.ኤ.አ. የኤድንብራው ሐኪም ጄምስ ሲምሰን ምጥ ለያዛቸው እናቶች የሰጠው ማደንዘዣ ነው። ይህ ፈሳሽ ብርሃንና አየር ሲያገኙት ፎስጂን የተባለ ሳንባን የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ስለዚህ በቡናማ ጠርሙስ ይቀመጥ ነበር፤ ጥቂት አልኮልም ይጨመርበት ነበር። አልኮሉ ብልሽቱን ያዘገያል፤ የተፈጠረውንም መርዝ ያከሽፋል።

ዛሬ ክሎሮፎርም ለማደንዘዣነት አይሰጥም፤ ትምህርቱ ግን ለቤታችን ይጠቅማል። ጠርሙሱም ሆነ መድኃኒቱ የተበጠበጠበት ፈሳሽ ከብርሃን ጉዳት ለመከላከል ተብሎ የተመረጠ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ፦

• የዓይን ጠብታም ሆነ ሽሮፕ ወደ ሌላ ዕቃ አትገልብጡ።
• መስኮት ላይ አታስቀምጡ።
• ፋርማሲስቱ ካላዘዘ በውኃም ሆነ በሌላ ነገር አትበጥብጡ።
• መልኩ ወይም ሽታው ከተለወጠ ሳትወስዱት ፋርማሲስቱን ጠይቁ።