መረሬ፦ ከባዛልት የተወለደው ጥቁር አፈር

በበቾ ሜዳ በሐምሌ ውኃ የሚተኛበት ማሳ በጥር እግር በሚያስገባ ስንጥቅ ይተለተላል። ይህን አፈር ሸዋ መረሬ፣ ጎጃም ዋልካ ይለዋል።

ወላጁ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ፈስሶ ደጋችንን የከመረው ባዛልት ነው። ድንጋዩ ሲፈራርስ በውስጡ የበዙት ካልሲየምና ማግኒዥየም ይለቀቃሉ። ከዚያ በኋላ ወሳኙ የውኃው መንገድ ነው። ተዳፋቱን ዝናብ አጥቦት ሲወርድ የሚቀረው ብረት ዝጎ ቀይ አፈር ይሆናል። የታጠበው ደግሞ ሜዳው ላይ ይጠራቀማል፤ ክረምት እየራሰ በጋ እየደረቀ፣ በረጅም ዘመን ስሜክታይት የሚባል ሸክላ ይሠራል። ኮረብታው ላይ ቀይ፣ ግርጌው ላይ ጥቁር አፈር ስናይ የሁለቱም እናት አንድ ድንጋይ ልትሆን ትችላለች።

ስሜክታይት እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደራረበ ነው። በቅጠሎቹ መካከል ውኃ ሲገባ ያብጣል፣ ሲወጣ ይኮማተራል። በበጋ የላይኛው አፈር ስንጥቁ ውስጥ ይረግፋል፤ ክረምት ሲገባ ታች ያለው ሲያብጥ ቦታ ይጠበዋል፣ እየተገፋፋም ወደ ላይ ይነሣል። በዚህ መተሻሸት ሸክላው ተወልውሎ ያብረቀርቃል።

የአፈር ባለሙያም ጉድጓድ ሲያስቆፍር የሚፈልገው ያንን የተወለወለ ገጽ ነው። ዓለም አቀፉ ምደባ ቨርቲሶል ለማለት ቢያንስ 30 በመቶ ሸክላ፣ እየተከፈተ የሚዘጋ ስንጥቅና የመገፋፋቱን ምልክት ይጠይቃል፤ ጥቁረትን አይጠይቅም። ቀለም የሚታየው በንዑስ ክፍሉ ነው፤ ጠቆር ያለው ፔሊክ ይባላል። ጥቁረቱን የለምነት ማረጋገጫ ማድረግ ብዙዎችን ያሳስታል። ከሸክላው ጋር የተጣበቀ ጥቂት ብስባሽ ያጠቁረዋል እንጂ መረሬ ብዙ ጊዜ ናይትሮጅን ያንሰዋል።

ግንበኞች ብላክ ኮተን ይሉታል፤ ግድግዳ ስለሚሰነጥቅ ጠርገው ሴሌክት በሚሉት የተመረጠ አፈር ይተኩታል። ገበሬው ግን ጠርጎ አይጥለውም፤ አፈሩ በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ ገበሬዎች አፈሩን በእጅ እየከመሩ ሰፋፊ መደብና ቦይ ይሠራሉ፤ ውኃው በቦዩ ይወጣል፣ ሰብሉም ከፍ ብሎ ይበቅላል። ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ መደብ በበሬ ለመሥራት ከማረሻ የተሠራ ብሮድ ቤድ ሜከር የሚባል መሣሪያ አወጡ። እኔ የእነዋሪን እጆች ቀድሜ አከብራለሁ። ሌላው ቦታ ብዙው ገበሬ ዝናቡ እስኪያልፍ ይጠብቅና አፈሩ በያዘው እርጥበት በመስከረም ሽምብራና ጓያ ይዘራል።