ተረትና እውነታ፦ «ሁለት ቋንቋ የቻለ ሁሉ ያስተረጉማል»

«ሁለቱንም ትችል የለ? ና፣ አንተ አስተርጉምለት!» በካፋ፣ ቦንጋ ላይ ይህ በገበያም በጤና ጣቢያም ይባላል። የሚያሳስበው ችሎት ውስጥም መባሉ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ከጊምቦ ወይም ከደቻ ገጠር የመጣው ሰው ግን አፉን የፈታው በካፊ ኖኖ ነው። አስተርጓሚ ከታጣ በር ላይ ያለው ጥበቃ ወይም ለራሱ ጉዳይ መጥቶ ተራውን የሚጠብቅ ጎረምሳ ይጠራል፤ ችሎቱም ይቀጥላል።

እምነቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። በካፋ ብዙ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ በሁለት ቋንቋ እየተመላለሰ ይኖራል። ቡናና ማር የሚሸጠው፣ ልጅ የሚታከመው፣ ሽማግሌ የሚላከው እንደዚሁ ነው። በገበያ የመሐል ሰው ቢያሳጥርም ቢያስረዝምም ጉዳት የለውም፤ ዋጋው ያው ዋጋ ነው።

በወንጀል ክስ ግን ማሳጠር ሰው ያሳስራል። ክሱ ተነብቦ ሲያበቃ ዳኛው የተከሳሹን «የእምነት ክህደት ቃል» ይጠይቃሉ። እንግዲህ ይህን ሐረግ ያልሠለጠነ ጎረምሳ በድንገት በካፊ ኖኖ ይበለው! እምነት እዚህ ሃይማኖት አይደለም፣ ክህደትም ወዳጅን መክዳት አይደለም፤ የተጠየቀው የተከሰስክበትን ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ ነው። ልጁ ሲጨንቀው ጥያቄውን «መትተኸዋል ወይ?» ያደርገዋል። ተከሳሹ ገበሬም እንዲህ ይመልሳል እንበል፦ «አዎ፣ መትቼዋለሁ፤ ግን ቆንጨራ ይዞ ሲመጣብኝ ራሴን ላድን ብዬ ነው።» ልጁ ዳኛውን ላለማሰልቸት ሲል «አዎ ይላል» ብሎ ያቀርባል። ክፋት የለበትም፤ ረጅም ወሬን ማሳጠር ለትልቅ ሰው የሚገባ አክብሮት ይመስለዋል።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 134 ተከሳሽ በእምነት ቃሉ ጥፋተኛ የሚባለው የወንጀሉን ፍሬ ነገር ሁሉ ያለ ምንም ማመንታት ሲያምን ነው ይላል። ገበሬው «ግን» ብሏል። ያቺ «ግን» ለዳኛው ብትደርስ ቃሉ እንደ ክህደት ይመዘገባል፤ ዐቃቤ ሕግ ምስክር ያሰማል፣ ራስን የመከላከል ነገርም ይመረመራል። ልጁ አፍ ላይ ስትቀር ግን ምስክር ሳይሰማ ጥፋተኛ ሊባል ይችላል።

እኔን የሚያናድዱኝ ጎረምሶቹ አይደሉም። ሕግ ተምረው «አንገቱን ሲነቀንቅ አይተናል፤ ገብቶታል» የሚሉት ናቸው። በባለሥልጣን ፊት የቆመ የገጠር ሰው አንገቱን የሚነቀንቀው ስለገባው ነው ወይስ ስለፈራ? ሕጉ ይህን ለአንገት መነቅነቅ አልተወውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው ያዛል። የሥነ ሥርዓት ሕጉም በአንቀጽ 27 ፖሊስ ቃል ሲቀበል ቋንቋውን በሚገባ ለማያውቅ ተጠርጣሪ ብቁ አስተርጓሚ እንዲቀርብ፣ አስተርጓሚውም የጥያቄና መልሱን ትክክለኛነት እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። ብቁ ነው ያለው፤ የተገኘ አላለም።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚመጣው ሌላው ተረት «ተጠርጣሪም ተከሳሽም ያው ወንጀለኛ ነው» የሚለው ነው። ሰውዬው ፖሊስ ሲመረምረው ተጠርጣሪ ነው። ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርትበት ተከሳሽ ይባላል። ጥፋተኛ የሚለው ስም የሚመጣው ከፍርድ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ እንደ ንጹሕ ይገመታል። ይህን ለማደባለቅ ሕጋችን ራሱ አግዟል፤ የ1949ኙ ሕግ ስሙ «የወንጀለኛ መቅጫ» ነበር፣ ገና ከሽፋኑ ሰውዬውን ወንጀለኛ የሚል። በ1996 ዓ.ም. «የወንጀል ሕግ» መባሉ ደግ ሆነ።

«ተከላከል ከተባለ አለቀለት» የሚባለውም ስሕተት ነው። «ተከላከል» የሚለው ብይን የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ መልስ ይፈልጋል ማለት እንጂ ፍርድ አይደለም። «ዝም ያለ አመነ» ለሽምግልና ይሠራ እንደሆነ እንጃ፤ በችሎት ዝም ያለ ተከሳሽ እንደካደ ይቆጠራል።

«በእንግሊዝኛ ከተተረጎመ የትም ያስኬዳል» የሚሉት ደግሞ ወረቀት ይዘው ጥገኝነት ለመጠየቅ ጀርመን የሚገቡት ናቸው። በጀርመን የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 157 አንዱ ሰው በየደረጃው ስሙ ይለያያል። በምርመራ ላይ ሳለ በሹልዲግተር ነው፣ ክስ ሲቀርብበት አንገሹልዲግተር፣ ፍርድ ቤት ጉዳዩን በችሎት ለማየት ሲወስን ደግሞ አንገክላግተር። እንግሊዝኛው «አኪዩዝድ» ለሦስቱም ሊያገለግል ይችላል። ስለዚህ ፖሊስ ለጥያቄ የጠራው ተጠርጣሪ አዲስ አበባ ላይ «አኪዩዝድ» ተብሎ ይተረጎማል፣ ጀርመን ሲደርስ «አንገክላግተር» ይሆናል። ጥገኝነት ጠያቂው ለመርማሪዋ «ፖሊስ ጠራኝ» ሲላት ወረቀቱ «ችሎት ሊቀርብ ነው» ይላል። ውሸታም የሚመስለው እሱ ነው፤ ተርጓሚው በዚያ ክፍል የለም። የአማርኛው ዋና ሰነድ በቀጥታ ወደ ጀርመንኛ ቢተረጎም ይሻላል። «ክስ» የሚለው ቃላችን ራሱ ፖሊስ ጣቢያ የሚቀርበውን አቤቱታም፣ የዐቃቤ ሕጉን ክስም፣ የመሬት ክርክርንም አንድ ላይ ያጭቃልና ተርጓሚው የትኛው እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

መፍትሔው ምንድነው? ካፊ ኖኖ ራሱ የችሎት ቋንቋ ይሁን የሚሉ አሉ፤ ዳኛውም ተከሳሹም ቋንቋውን እየቻሉ በአስተርጓሚ የሚነጋገሩበት ችሎት ካለ ሐሳባቸው ሚዛን ይደፋል። ነገር ግን ከናኦም ከጫራም የመጣ ተከሳሽ አለ፤ ለእሱ ያኔም አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። የቱ ይቅደም በሚለው አልቆረጥኩም።

በገንዘብ በኩል ግን የሚያጠራጥር ነገር የለም። «አስተርጓሚ የጠየቀ ይከፍላል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 አሳዩት፦ ወጪው የመንግሥት ነው። ጥያቄው ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ፣ የእምነት ክህደት ቃል ከመሰጠቱ በፊት ይቅረብ፤ ችሎቱ ካልተቀበለው ደግሞ ያ በመዝገቡ እንዲሰፍር ይጠየቅ፣ ይግባኝ ላይ የሚያስፈልገው እሱ ነውና።