ፎቶግራፍን ለሃርድ ዲስክ አደራ ስለ መስጠት

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። አባቶቻችን ይህን ሲሉ የወረቀትን ታማኝነት መመስከራቸው ነበር። ዛሬ ግን ፎቶግራፋችንን የምናስቀምጠው በስልክ፥ በፍላሽና በሃርድ ዲስክ ነው። እነዚህ ደግሞ የያዙትን ሊለቁ ይችላሉ፤ ሲለቁም ብዙ ጊዜ አያስጠነቅቁም። ስለዚህ ጉዳይ የተማርሁትን ለጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቼና ለወላጆች ለማካፈል በማሰብ ይህን አጭር ጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

የተማርሁት ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከደረሰብን ጉዳትም ነው። አያቴ በአዋሽ ባቡር ጣቢያ ለረጅም ዘመን ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ከእርሳቸው የቀሩትን ፎቶግራፎች አጎቴ አንድ በአንድ ስካን አድርጎ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ሰበሰባቸው፤ የወረቀቶቹንም ዋናዎች ዘመዶች ተከፋፍለው ወሰዷቸውና አብዛኞቹ ጠፉ። ሃርድ ዲስኩ አዋሽ በሚገኘው ቤታችን ከቁም ሣጥን ላይ ይቀመጥ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ትንቀጠቀጥ ጀመር። ታኅሣሥ 26 ቀን የደረሰው ከበረቱት አንዱ ሲሆን፥ ልኬቱ ከ5 በላይ ነበር፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ከቀያቸው ተነሥተው ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ። ከእነዚያ ሌሊቶች በአንዱ እኛም ወደ ደጅ ስንሮጥ ሃርድ ዲስኩ ከቁም ሣጥኑ ላይ ወድቆ ከሲሚንቶው ጋራ ተላተመ። ሲነጋ ከላፕቶፕ ጋራ ባገናኘው «ቀጭ፥ ቀጭ» ከማለት በስተ ቀር አልከፈት አለ። እኔም ባለማወቄ ደጋግሜ ነቀልሁት፥ ደጋግሜም ሰካሁት።

ሰው ባለመጎዳቱ ፈጣሪያችንን አመሰገንን። የሆነ ሆኖ ከ340 ፎቶግራፎች የተረፉልን 23 ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ሰመራ የምትኖረው አክስቴ አስቀድማ በፍላሽ የወሰደቻቸው ነበሩ። አያቴ በወጣትነታቸው ከባቡሩ አጠገብ ቆመው የተነሡት ግን ከ23ቱ ውስጥ የለም።

እንግዲህ ሃርድ ዲስክ ምን ዐይነት ዕቃ ነው? በውስጡ እንደ መስተዋት የሚያበሩ ክብ ሰሌዳዎች አሉ። እነዚህ ሰሌዳዎች በደቂቃ 5,400 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ይሽከረከራሉ። በላያቸውም አንዲት ትንሽ ራስ እየተመላለሰች በማግኔት ኀይል ትጽፋለች፥ ታነባለችም። ራሷ ከሰሌዳው የምትርቀው ከሰው ፀጉር ውፍረት ከሺህ እጥፍ በላይ በሚያንስ ክፍተት ነው። ስለዚህ በሥራ ላይ ሳለ ቢመታ ወይም ቢወድቅ ራሷ ሰሌዳውን ትፍቀዋለች፤ የተፋቀውም ቦታ ይዞት የነበረው ፎቶግራፍ አይመለስም። ጠፍቶ ሳለ ቢወድቅ አደጋው ያንሳል እንጂ ከነጭራሹ አይቀርም። «ቀጭ ቀጭ» የሚለውም ድምፅ ራሷ ቦታዋን ፈልጋ ያጣች መሆኗን የሚያመለክት ነው። እንዲህ ያለውን ዲስክ ወዲያው ነቅሎ ለባለሙያ ማሳየት ይገባል፤ እኔ እንዳደረግሁት ደጋግሞ መሰካት ጉዳቱን ያባብሳል።

የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ በ1956 እ.ኤ.አ. አይ ቢ ኤም በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተሠርቶ ሲወጣ 50 ሰሌዳዎች ነበሩት፤ ክብደቱም አንድ ቶን ያህል ነበር። ይሁን እንጂ የዛሬን አንድ የስልክ ፎቶግራፍ እንኳ የሚይዘው በጭንቅ ነበር። ዛሬ በኪስ የሚያዘው የአንድ ቴራባይት ዲስክ እያንዳንዳቸው 4 ሜጋባይት የሆኑ 250,000 ያህል ፎቶግራፎችን ይይዛል። ጥቅሙም ጉዳቱም እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ የሚይዝ ዕቃ ሲጠፋ ብዙ ይዞ ይጠፋል።

እኛ የአፋር ሰዎች ከሌላው ይልቅ ልናስብበት የሚገባን አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሙቀት ነው። የብዙዎቹ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስኮች መመሪያ በሥራ ላይ ሳሉ ሊቋቋሙት የሚገባው የአካባቢ ሙቀት ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ነው ይላል። በሰመራ ግን በበጋው ሐሩር ቀን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ዲስኩ ሲሠራ የራሱ ሙቀት ስለሚጨመርበት ነገሩ ይብሳል። ስለዚህ ብዙ ፎቶግራፍ የሚገለበጠው በእኩለ ቀን ሳይሆን ጎሕ ሲቀድ፥ ዲስኩም ከአልጋ ወይም ከትራስ ላይ ሳይሆን ነፋስ በሚያገኘው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይሁን። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተውማ ፈጽሞ አይገባም። ከዚህም በቀር አቧራ እንዳይገባበት በከረጢት መያዝና መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ባትሪው በተሞላ ላፕቶፕ መገልበጥ መልካም ነው፤ ግልበጣው በመካከል ሲቋረጥ ፋይሎች ይበላሻሉና።

አንዳንድ ሰው «እንግዲያስ የሚሽከረከር ነገር የሌለበትን፥ ኤስ ኤስ ዲ የሚባለውን ልግዛ» ይል ይሆናል። በእርግጥ ይህ መውደቅን በይበልጥ ይችላል። ነገር ግን የያዘውን የሚያቆየው በኤሌክትሪክ ሙል ስለ ሆነ፥ በሞቃት ቦታ ለብዙ ጊዜ ሳይሰካ ቢቀር ሊረሳ ይችላል። በገበያም ላይ ከልክ በላይ ርካሽ ሆኖ «2 ቴራባይት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ዕቃ ይገኛል፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከተጻፈባቸው እጅግ ያነሰ ብቻ የሚይዙ ናቸው፤ ሲሞሉም የቀደመውን ፎቶግራፍ ያጠፋሉ። የገዛ ሰው አስቀድሞ ሞልቶ ይፈትነው።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? ጠንካራ ዲስክ መፈለግ ሳይሆን ግልባጭ ማብዛት ነው። ፒተር ክሮግ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ በሰፊው ያስተዋወቀው ደንብ «3፥ 2፥ 1» ይባላል። ትርጉሙም የእያንዳንዱ ፎቶግራፍ 3 ግልባጭ ይኑር፤ ግልባጮቹ በ2 ዐይነት ዕቃ ላይ ይሁኑ፤ 1ዱም ከቤት ውጭ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ ማለት ነው።

ይህ አሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1973 እ.ኤ.አ. በገዳማትና በአብያተ ክርስቲያናት የሚገኙትን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ 9,000 ያህል መጻሕፍት ተነሥተዋል። ፊልሙም በአዲስ አበባና በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ እንዲቀመጥ ተደረገ፤ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በዚያ ሆነው የብዙዎቹን ዝርዝር አዘጋጅተዋል። አንድ መጽሐፍ በእሳት ወይም በሌባ ቢጠፋ እንኳ ቃሉ በሌላ አገር ይገኛል። ለብራና የተደረገው ጥንቃቄ ለቤተ ሰብ ፎቶግራፍም ይገባል።

አሁን በቤታችን የምንሠራበትን ሥርዓት በአጭሩ ልግለጽ።

1ኛ፤ ፎቶግራፎቹን ከስልክ የምንወስደው በገመድ ነው። በቴሌግራም መላክ ካስፈለገም እንደ ፋይል እንልካለን፤ እንደ ተራ ፎቶ የተላከው ተጨምቆ ጥራቱን ያጣልና።

2ኛ፤ የፎልደሩን ስም ከዓመተ ምሕረቱ ጀምረን «2017-04-26» እያልን እንጽፋለን። ካሜራው የሚመዘግበው በፈረንጆች አቈጣጠር ስለ ሆነ፥ የእኛን መጠቀማችንን በመጀመሪያው ፎልደር ላይ ጽፈናል።

3ኛ፤ ስንገለብጥ «ቁረጥ» የሚለውን ትእዛዝ አንጠቀምም፤ «ኮፒ» እናደርጋለን። ከዚያም የፋይሎቹን ብዛትና መጠን በሁለቱም ወገን አስተያይተን፥ ከመካከላቸውም ጥቂቶቹን ከፍተን አይተን ነው ዋናውን ከስልክ የምናጠፋው።

4ኛ፤ ዲስኩን ሳናሰናብት አንነቅልም። ኮምፒዩተሩ «ጨርሻለሁ» ያለ ቢመስልም ገና እየጻፈ ሊሆን ይችላል።

5ኛ፤ ቫይረስ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ዲስኩን አንሰካም። ፎቶ ለማሳተም ስንሄድ የሚፈለጉትን ብቻ በፍላሽ እንወስዳለን።

6ኛ፤ አንዱ ግልባጭ አዋሽ በላፕቶፕ ላይ፥ ሁለተኛው እዚያው በዲስክ ላይ፥ ሦስተኛው ሰመራ ከአክስቴ ዘንድ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ስላለ አንድ አደጋ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ያገኛቸዋል ተብሎ አይፈራም። ሰው በሄደ ቁጥር አዲሱን ዲስክ ይወስዳል፥ የቆየውንም ይመልሳል። በየስድስት ወሩም ዲስኮቹን ከፍተን እናያለን፤ ዲስክ ዘላለማዊ ስላልሆነ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአዲስ እንለውጣቸዋለን።

ወላጆች ሆይ፥ የሠርጋችሁና የልጆቻችሁ ፎቶግራፍ በአንድ ስልክ ላይ ብቻ ከሆነ ዛሬውኑ አንድ ግልባጭ አውጡለት። ጓደኞቼም ሆይ፥ በዚህ ዓመት አብረን የተነሣናቸው ፎቶግራፎች ከተለያየን በኋላ እንደ ገና የሚነሡ አይደሉም። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፥ ጊዜው አሁን ነው።

አክስቴ ያተረፈቻቸውን 23 ፎቶግራፎች ደግሞ በወረቀት አሳትመን በአልበም አድርገናቸዋል። የባቡሩ ፎቶግራፍ የወረቀቱ ዋና ምናልባት ከአንዱ ዘመድ ሣጥን ውስጥ ይገኝ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ እየጠየቅን ነው።