ይህ ክዳን የምንድን ነው?

ከዲላ መናኸሪያ ወደ ይርጋ ጨፌ፣ ወደ ቡሌ ወይም ወደ ሐዋሳ የሚሳፈር ሰው ቅጥቅጡን በደንብ ያውቀዋል። ይህ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ አውቶቡስ አልነበረም። የአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ አገር ውስጥ ጋራዥ ገብቶ፣ ላሜራ ተቀጥቅጦ ቦዲ ከተሠራለት በኋላ ነው ወንበር የተደረደረበት። አንዳንዱ ሕዝብ ያመላልሳል፤ አንዳንዱ ለተማሪና ለሠራተኛ ሰርቪስ ይሰጣል።

ጣጣው ያለው ሞተሩ ዘንድ ነው። የጭነት መኪናው ጋቢና ወደ ፊት ስለሚገለበጥ መካኒኩ ሁሉንም ያያል። የአውቶቡስ ቦዲ ግን አይገለበጥም። ሞተሩ ሾፌሩ አጠገብ በክዳን ይሸፈናል፤ ወንበር ሲሞላ ተሳፋሪ «ሞተር ላይ» የሚቀመጠውም እዚያው ነው። ቦዲ ሠሪው ቦታ ከጠበበው አንዱን የውሃ ወይም የዘይት ዕቃ ነቅሎ ሌላ ጥግ ሊያስረው ይችላል። ስለዚህ የአንዱን ቅጥቅጥ አቀማመጥ ያወቀ ሾፌር በሌላው ላይ ሊሳሳት ይችላል።

ዕቃዎቹን በፈሳሻቸው ቀለም መለየትም አያዋጣም። የራዲያተር ፈሳሽ አረንጓዴም ቀይም ሆኖ ይሸጣል፤ የመሪ ዘይትም ብዙ ጊዜ ቀይ ነው። የሚያዋጣው ቱቦውን መከተል ነው። ወደ ራዲያተሩ አንገት የሚሄድ ከሆነ የራዲያተር ውሃ ነው። ከመሪው ፓምፕ ጋር ከተያያዘ የመሪ ዘይት ነው። ሥሩ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ኖሮት ቀጭን ቱቦ ወደ ፊት መስታወት ከላከ ደግሞ የመስታወት ማጠቢያ ነው።

የፍሬኑ ጉዳይ ግን ቀልድ አያውቅም። የፍሬንና የፍሪሲዮን ዘይት ዕቃዎች ትናንሽና ተመሳሳይ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚወስዱትም አንድ ዓይነት ዘይት ነው። እዚያ ውስጥ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት የገባ እንደሆነ ጎሚኒዎቹ ያብጣሉ፣ ፍሬንም ይበላሻል። ዘይት በሃይላንድ ጠርሙስ ተገልብጦ ሲቀመጥ ይህ ስህተት ቅርብ ነው። ለጠረጠረ ሰው ቀላል መፈተኛ አለ፦ ከዘይቱ ጥቂት ጠብታ ውሃ ላይ ያድርግ። የፍሬን ዘይት ከውሃው ጋር ይዋሃዳል፤ የሞተር ዘይት ይንሳፈፋል።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ የተከፈተ ጠርሙስ ለወራት ማቆየትም ጥሩ አይደለም። «ዶት 3» በሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ መሠረት አዲስ ዘይት ከ205 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መፍላት የለበትም፤ እርጥበት ሲስብ ግን ዝቅተኛው የመፍያ ነጥብ ወደ 140 ይወርዳል። ከቡሌ ደጋ ወደ ዲላ በሚወስደው ቁልቁለት ፍሬን ሲደጋገም ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይገባል። በዕቃው ውስጥ ያለው ዘይት ቀስ እያለ መቀነሱ ሸራ እየተበላ መሆኑን ሊጠቁም ይችላል፤ በድንገት ከጎደለ ግን የሚያፈስ ቦታ መፈለግ ነው።

በንፋስ ፍሬን የሚሠሩ ትልልቅ አውቶቡሶች ሌላ ናቸው። ፍሬናቸው በንፋስ ታንክ ነው የሚሠራው፤ በታንኩ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃም በየጊዜው መውጣት አለበት። እዚያ የምትታየው ትንሽ የዘይት ዕቃ የፍሪሲዮን ልትሆን ስለምትችል «ፍሬኑን ሞልቻለሁ» ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ወደ ራዲያተሩ ስንመለስ፣ ዲላ በ1,570 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ በ95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተሩ በክዳኑ ግፊት ነው ከዚያ በላይ የሚችለው፤ ትኩስ ሆኖ ከተከፈተ ፊት ይጠብሳል።

ባለንብረቶች ሆይ፣ መኪናው ከቦዲ ሠሪው ሲወጣ እያንዳንዱን ቱቦ እስከ መጨረሻው ተከተሉ፤ ከዚያ በማይለቅ ቀለም «ፍሬን»፣ «ፍሪሲዮን»፣ «መሪ» ብላችሁ በክዳኑም በዕቃውም ላይ ጻፉ።