ለጭላዳ አንድ ሙሉ ጠዋት

ከጎንደር አራዳ ገና ሳይነጋ ወጥቶ፣ ሳንቃበር ላይ ፎቶ ተነስቶ፣ ጨነቅ ላይ ምሳውን በልቶ፣ ማታ ጎንደር ገብቶ «ስሜንን አየሁት» የሚል ሰው ሞልቷል። እኔ እንዲህ የሚለኝን ሰው አላምነውም። ያየው መንገዱን ነው። መንገዱም ያምራል፣ እሱን አልክድም፤ ግን ስሜን ከመኪና መስኮት የሚታይ አገር አይደለም፣ በተለይ እንስሳቱ።

በግል አስጎብኚ ይዞ መሄድ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ንጹሕ ላንድክሩዘርና ከፍ ያለ ሂሳብ ነው። ሁለቱም አሉበት። የምትከፍሉበት ዋናው ነገር ግን ሰዓት ነው። ሃያ ሆኖ በሚሄድ ቡድን ውስጥ አንዱ ሲበርደው፣ ሌላው ሲርበው፣ ሦስተኛው «በቃ አየነው እኮ!» ሲል ሁሉም ይነሳል። ሦስት አራት ሆናችሁ የራሳችሁን አስጎብኚ፣ የራሳችሁን ስካውት (አብሮ የሚሄድ የፓርክ ጠባቂ) እና በቅሎ ይዛችሁ ስትወጡ ግን አንድ ሜዳ ላይ ግማሽ ቀን ብትቀመጡ የሚቆጣችሁ የለም። ስሜን ላይ ደግሞ መቀመጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

የሚታወቀውን ቶሎ ልለፈው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1970 ዩኔስኮ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆነ፤ ላሊበላም አብሮት አለ። በ1989 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ፣ በ2009 ወጣ። ጽሕፈት ቤቱ ደባርቅ ነው፤ ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። የመግቢያው ክፍያ እዚያ ይፈጸማል፣ ስካውቱም እዚያ ይመደባል። ስካውት መያዝ ግዴታ ነው፤ «እኔ የአገሩ ልጅ ነኝ» የሚለው ክርክር አይሠራም፣ ባይሠራም ጥሩ ነው። አስጎብኚ፣ ወጥ ሠሪ፣ በቅሎና ባለ በቅሎ ደባርቅ ሞልቷል። ጎንደር ሆኖ ሁሉንም ለሚያሰናዳ ድርጅት መስጠትም ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ ዋጋው ውስጥ ምን እንዳለ አንድ በአንድ አስጽፉ። የስካውቱ ቀለብ አለበት? የድንኳኑ ኪራይስ? ጉዞው ሌላ ቦታ የሚያልቅ ከሆነ በቅሎው ባዶውን የሚመለስበት ቀን በማን ነው? አንድ ጊዜ «ሁሉንም ያካትታል» ያለ ድርጅት ይዞን ወጥቶ፣ ማታ ሳንቃበር ላይ ለስካውቱ እራት እንዳልታሰበ ታወቀ። የያዝነውን በሶ ተካፍለን አደርን። ሽማግሌው ስካውት አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ ያፈርነው እኛ ነን።

ከፍታውንም አትናቁት። ጎንደር ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር አካባቢ ናት። ከፓርኩ ማደሪያ ሰፈሮች ሳንቃበር 3,200 ያልፋል፣ ግጭና ጨነቅ 3,600 ገደማ ናቸው። የደጋ ሰው መሆን ራስ ምታቱን አያስቀርም። የመጀመሪያውን ሌሊት ሳንቃበር፣ ሁለተኛውን ግጭ፣ ሦስተኛውን ጨነቅ ማደር ለሰውነትም ለዓይንም ይስማማል። ራስ ደጀንን ካልወጣሁ የሚል ሌሎች ቀናት ይጨምር። ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ ወጥቶ የሚያገኘው ግን ከፍታውን ነው እንጂ እንስሳ አይደለም። እኔ ቀኖቼን ሳንቃበርና ግጭ ላይ ባጠፋቸው እመርጣለሁ።

ምክንያቱም ጭላዳ እዚያ አለ።

ስለ ጭላዳ ሰው የሚያወራውን ስሰማ እናደዳለሁ። «ዝንጀሮማ እኛም ሰፈር አለ» ይላሉ። የለም። ጭላዳ ከዝንጀሮ ጋር ዘመድ ነው እንጂ ዝንጀሮ አይደለም። ዝንጀሮ ያገኘውን ይበላል፤ ፍሬ፣ ሥር፣ ነፍሳት፣ አጋጣሚ ሲገኝ ሥጋም። ጭላዳ ግን ሣር ይግጣል። በእርጥቡ ወራት ከሚበላው ዘጠኝ አስረኛው ድረስ ሣር ነው፤ በጋ ሲሆንና ሣሩ ሲደርቅ መሬቱን እየጫረ ሥራ ሥር ያወጣል። በዓለም ላይ ካሉት ፕራይሜቶች ሁሉ በሣር የሚኖር እሱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ፍጡር ጎንደር ደጃፍ ላይ፣ ኮሶዬ ሳይቀር እየተቀመጠ፣ አንበሳ ለማየት ኬንያ የሚሄድ ሀብታም አውቃለሁ። ይሂድ፤ መጀመሪያ ግን ይህን ይይ።

ወገኑ ጥንት ብዙ ነበር። ሉሲ በተገኘችበት በሐዳር የዘመዶቹ አጥንት ወጥቷል። ከደቡብ አፍሪካ እስከ ስፔንና ሕንድ ድረስ ቅሪታቸው ተገኝቷል፤ ከአሁኑ በአካል እጅግ የሚገዝፉም ነበሩባቸው። ሁሉም አልቀው አንዱ ብቻ ቀረ፤ ያም የእኛ ደጋ ላይ ነው።

አሁን እጁን እዩት። አመልካች ጣቱ አጭር ስለሆነ ከአውራ ጣቱ ጋር ጫፍ ለጫፍ ይገጥማል። በሁለት እጁ እየተቀያየረ፣ ሰፌድ ላይ ምስር እንደምትለቅም ሴት፣ ለምለሙን ከደረቁ እየለየ ነው የሚነቅለው። መዳፉ ሲሞላ ወደ አፉ፣ ደግሞ ወደ መሬት። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው። አካባቢውን ሲጨርስ እንኳ ብድግ አይልም፤ በመቀመጫው ተንፏቆ አንድ ክንድ ያህል ይጠጋና ይቀጥላል። ሌሎች ዘመዶቹ የመራቢያ ምልክታቸውን ከኋላቸው ሲያሳዩ የእሱ ቀይ ምልክት ደረቱ ላይ የሆነው ከዚሁ የተነሳ ነው የሚሉ አሉ፤ ተቀምጦ ለሚውል ሰውነት የኋላ ምልክት ምን ይሠራለታል? ያ ቀይ ደረት ጌጥ ብቻ አይደለም። ቤተሰብ የሚመራው ወንድ ደረቱ ይቀላል፣ ቤተሰብ የሌለው ይፈዛል። ሴቷም ቀይ ደረት አላት፤ ለመፀነስ ስትደርስ ዙሪያውን ጨሌ የሚመስሉ ውሃ ያዘሉ እብጠቶች ይወጡባታል። ይህን ከመኪና ሆኖ የሚያይ የለም።

ከሩቅ ሲታይ መቶ ሁለት መቶ ሆኖ የሚግጠው መንጋ አንድ መንጋ አይደለም። ብዙ ትናንሽ ቤተሰቦች ጎን ለጎን የተቀመጡበት ነው። በእያንዳንዱ ቤት አንድ ጎፈራም ወንድ፣ ከአንዲት እስከ አሥራ ምናምን ሴቶችና ልጆቻቸው አሉ። ወንዱ ትልቅ ነው፣ ይጮሃል፣ ጥርሱን ያሳያል፤ ስለዚህ ጎብኚ ሁሉ ካሜራውን ወደ እሱ ያዞራል። ቤቱ ግን የሴቶቹ ነው። እናት፣ ልጅ፣ እህት አብረው ተወልደው አብረው ያረጃሉ፤ ወንዱ መጥቶ የሚሄድ ነው። ወንድ ልጆች ሲጎረምሱ ይወጡና ብቻቸውን የወንደላጤ ቡድን ያቋቁማሉ። ከዳር ሆነው ቤት ያለውን ወንድ ሲተነኩሱት፣ ሲያስሮጡት፣ ሲያደክሙት ይውላሉ። አንድ ቀን አንዱ ያሸንፈዋል።

ያን ጊዜ የሚሆነው ለማየት ይከብዳል። አዲሱ ገዢ የሚጠቡትን ግልገሎች ሊገድል ይችላል። ከዚያም የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ከስሜን ጭላዳዎች ላይ ተጠንቶ የወጣ ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ወንዱ ሲለወጥ እርጉዝ የነበሩት ሴቶች አብዛኞቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጽንሳቸው ይቋረጣል። ይወለድ ቢባል የሚገደል ልጅ ላይ አካላቸው ጊዜ አያጠፋም። ተመራማሪዎቹ ይህን ያወቁት ዓመታት ሙሉ እያንዳንዷን በመልኳ ለይተው፣ ሳንቃበር አካባቢ ሣር ላይ ተቀምጠው ነው። እኛም ብንቀመጥ ከዚያ ጥቂቱን እናያለን።

መቼ ብትሉ፣ ጠዋት። ሌሊቱን የሚያድሩት ነብርና ጅብ በማይደርስበት ገደል ላይ ነው። ፀሐይ ድንጋዩን ስታሞቀው፣ ሁለት ሰዓት አካባቢ፣ እየተጠራሩ ወደ አፋፉ ይወጣሉ። ወዲያው አይግጡም። ይሞቃሉ፣ ቅማል ይለቃቀማሉ፣ ይታረቃሉ፣ ይጣላሉ፣ ግልገሎቹ በጎፈር ላይ ይንጠላጠላሉ። የጭላዳ ወሬ ሁሉ ያለው በዚያች ሰዓት ውስጥ ነው። ከጎንደር የሚመጣው መኪና አራት ሰዓት ሲደርስ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሣሩን ይዟል፤ ጎብኚውም «ዝም ብሎ የሚግጥ ነገር ነው» ብሎ ይሄዳል። ድንኳን ውስጥ ያደረ ሰው ጥቅሙ ይኼ ነው። ገደሉ አፋፍ ራቅ ብላችሁ ቀድማችሁ ቁጭ በሉ፤ እነሱ ወደ እናንተ ይጠጋሉ። ቆሞ የሚከተላቸውን ይሸሻሉ፣ ለተቀመጠው ግድ የላቸውም።

የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ሲያሳያችሁ «ሳቀልኝ!» እያሉ የሚጠጉ አሉ። አልሳቀም። ራቅ በሉለት። ከእናትና ከግልገል መካከልም አትግቡ።

ዳቦ የሚወረውረው ግን ከሁሉ ያናድደኛል። መኪና አቁሞ፣ ዘፈን ከፍቶ፣ ሙዝና ዳቦ እየወረወረ ፎቶ የሚነሳ ወጣትን አንድ ጊዜ ስካውታችን ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ዳቦህን አንተው ብላው። የሱ ገበታ እግሩ ሥር ነው» አሉት። ወጣቱ ሳቀ፤ እኔ ግን አባባላቸውን ባስጽፈው ብዬ ተመኘሁ። ዳቦ የቀመሰ ጭላዳ መኪና ይጠብቃል፣ መኪና የሚጠብቅ ይገጫል፣ ወይም ሰው ይነጥቃል፤ ከዚያ «ክፉ እንስሳ» ይባላል። ገብስ ሲደርስ ማሳ ውስጥ ገብቶ የሚያስቸግረው ገበሬ አለ፣ እሱ ቢማረር እውነቱን ነው። ከአዲስ አበባ ሙዝ ይዞ የመጣው ግን ምን በደሉት?

ቀይ ቀበሮና ጭላዳ አብረው እንደሚውሉም ብዙ ሰው አያውቅም። መንዝ ጓሳ ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ቀበሮዋ ብቻዋን አይጥ ስታድን ከአራት ሙከራ አንዱ ሲሳካላት፣ በጭላዳ መንጋ መካከል ስትሆን ከሦስቱ ሁለቱ እንደሚሳካላት ያሳያል። ቀበሮዋ ቀስ ብላ ትራመዳለች፣ ግልገል አትነካም፤ እነሱም ዝም ይሏታል። ስሜን ላይ ግን ቀይ ቀበሮ በጣም ጥቂት ናት፤ በመላ አገሪቱ ያሉት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም፣ የሚበዙትም ባሌ ናቸው። «ቀበሮ አሳያችኋለሁ» ብሎ ቃል የሚገባ አስጎብኚ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ዋልያን ሁሉም ያውቀዋል፤ የብሔራዊ ቡድናችን ስም ነው፣ መግቢያ አያስፈልገውም። ከስሜን በቀር በዓለም የትም የለም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. 150 ገደማ ብቻ ቀርቶ ነበር፣ ኋላ አንሰራራ፣ አሁንም ቁጥሩ ያሰጋል። ጨነቅ እደሩና ማለዳና አመሻሽ ላይ ወደ ብዋሂት ተራራ የሚወጣውን ዳገትና ገደሉን በመነጽር ፈልጉ። ሦስቱንም፣ ጭላዳን፣ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን፣ ለዓለም ሳይንስ የመዘገባቸው አንድ ሰው ነው፤ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጎንደር የተቀመጠው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል። ቀበሮዋ በሳይንሳዊ መጠሪያዋ የስሜንን ስም ይዛ ቀርታለች።

ወቅቱ ከመስከረም እስከ ኅዳር ቢሆን ይሻላል። ክረምቱ እንደወጣ ሣሩ ለምለም ነው፣ ጅንባር ፏፏቴም ሙሉ ነው። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሌሊቱ ግን ውሃ ያረጋል። ሐምሌና ነሐሴ ጉም ብቻ ታያላችሁ። ጋቢ ያዙ፤ የኪራይ ስሊፒንግ ባግ ብቻውን አያሞቅም። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ከጎንደር ቅዳሜ ገበያ ግዙ፤ ደባርቅ ይገኛል፣ ግን ምርጫው ያንሳል። ግጭ ስትደርሱ የምታዩት ሰፊ የጓሳና የጅብራ ሜዳ አጠገብ መንደር ነበረበት፤ ነዋሪዎቹ በ2008 ዓ.ም. ገደማ ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። አስጎብኚያችሁ ከዚያ ከሆነ ስለ ኑሮው ጠይቁት፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ይናገር።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የተነሳ መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ደባርቅ ወዳለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤትና ወደ አስጎብኚዎቹ ደውሉ፤ የሰሙትን ሳይሆን ያዩትን ይነግሯችኋል። ጎብኚ በመቅረቱ ብዙዎቹ ሥራ ፈትተዋል፣ ስለዚህ ዋጋ ላይ ብዙ አትከራከሩ። ጉርሻውንም መለያያው ላይ ለወጥ ሠሪው፣ ለባለ በቅሎውና ለስካውቱ ለየብቻ በእጃቸው ስጡ፤ ለአንዱ ሰጥታችሁ «ተካፈሉ» አትበሉ።